ሠላሳ አንድ ታዛቢዎች

ዳቦ ቤቱ በር ላይ አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል። «መርፌ» ከሰልፉ ጭራ ጀምራ በራሪ ወረቀት እያደለች ወደ ፊት መጣች።

አንድ ለነፍሰ ጡሯ፣ አንድ ለዘበኛው፣ አንድ ፊቱን ላዞረባት ሰውዬ። ስምንተኛው ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ጋዜጣ በብብቱ የያዘ ጎልማሳ ነው። የእሱ ወረቀት ከሌሎቹ ትንሽ ይወፍራል።

የምርጫ ቀስቃሽ ለመንገደኛ ወረቀት ቢሰጥ ማን ይጠረጥራል? ዘዴውን የፈጠረው ሰውየው ራሱ ነው። የሥራ ስሙ «አጎቴ» ነው፤ የእሷ «መርፌ»። ስድስት ሳምንት ሙሉ የተገናኙት በዚሁ መንገድ ነው።

«ስንት ናቸው?» አለ ወረቀቱን የሚያነብ መስሎ።

«ሠላሳ አንድ።»

«አድራሻ?»

«ከነቤት ቁጥራቸው።»

«ጎበዝ። እሁድ አንዳቸውም ምርጫ ጣቢያ አይደርሱም።»

ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም። እንዳይጠፋ ሰልጥናበታለች።

«ለማወቅ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር» አለች።

«ቅዳሜ ንጋት ላይ እንሰበስባቸዋለን። ታዛቢ የሌለው ሣጥን ለቆጣሪ ይመቻል።» ወረቀቱን ገለበጠ። «ደግሞ ትናንት ደረጃው ላይ ብዙ ስቀሻል አሉ። መሳቁ ባልከፋ። አታብዢው።»

ትናንት ደረጃው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው።

አንዷ እሷ ነበረች።

ለዘጠነኛው ሰው ወረቀት ሰጥታ አለፈች። እግሯ ከእሷ ቀድሞ የሚሄድ መሰላት።

የቅስቀሳው ቢሮ ከማተሚያ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ዕጩዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ተቀናቃኛቸው ወንበሩ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጧል፤ ፎቶው ያልተለጠፈበት የመብራት እንጨት የለም። ሲስተር ያላቸው ጫማቸውን በየደረጃው የሚጨርሱ በጎ ፈቃደኞች ብቻ ነበሩ።

መርፌ በር ለበር የምትዞረው ከጡረተኛው ፖስተኛ ጋር ነበር። ሽማግሌው የማያውቁት ቤት፣ የማያውቃቸው ውሻ የለም። በየበሩ የሚሏት አንዲት ቀልድ ነበረቻቸው፦ «ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ፤ ባለአድራሻውን ያመጡት ግን ሲስተር ናቸው።» ትናንት ደረጃው ላይ ያሳቋትም እሳቸው ነበሩ። ሦስተኛዋ ኮፒ አንሺዋ ናት። ምላሷ መራራ ነው፤ መርፌ በገባች ቁጥር «የት ነበርሽ?» ትላለች። የታዛቢዎቹን ዝርዝር መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ የምታስቀምጠውም እሷ ናት። መርፌ ቁልፉን በሳሙና ላይ አትማ ለማስቀረጽ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል።

የታዘዘችው እንድትመሳሰል ነበር። ሰው ማሳመንን ማንም አላዘዛትም። ግን ቻለችበት። በሦስተኛው ሳምንት የመካኒኩ ሚስት በሯን ገርበብ አድርጋ፣ «የኔ ድምፅ ምን ጠብ የሚል ነገር አለው?» አለቻት። መርፌ በምጥ ስለሞተች እህቷ ነገረቻት። ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ አዋላጅ አልነበረም። ሴትየዋ በሩን ከፈተች። በሳምንቱ ታዛቢ ልሁን ብላ ቢሮ መጣች።

ዝርዝሩ ላይ አሥራ ዘጠነኛዋ እሷ ናት።

አጎቴን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ባገኘችበት ቀን ከምሳ በኋላ መርፌና ፖስተኛው አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ ሲሠሩ ዋሉ። በቢሮው ያለችው ሁለተኛዋ የአጎቴ ዓይን ኮፒ አንሺዋ እንደሆነች አልተጠራጠረችም። ስለዚህ የምትነግረው ሌላ ሰው አልነበራትም። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ በሁለት በሮች መካከል ቆማ፣ ለፖስተኛው ሁሉንም ነገረቻቸው። ማን እንደላካት፣ ዝርዝሩን እንዴት እንዳወጣች፣ ቅዳሜ ምን እንደሚሆን። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አዳመጧት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይሻላል ባለ ነበር። ይህኛው የስለላ ሥራ ጥያቄ ነው። እሷም ብዙ ሰው ጠይቃበታለች።

«እርስዎ ነዎት» አለች።

አልካዱም። ሰላይ መሆኗን እስካሁን እንዳላወቁ፣ የታዘዙት ስለ ቢሮው ሰው ሁሉ ለአጎቴ ሰዎች እንዲናገሩ እንደነበር አስረዷት። ልጃቸው ከታሰረ አራት ዓመቱ ነው። ማክሰኞ ይፈታል ብለዋቸዋል።

«አንድ ነው ያለኝ» አሉ። «ምን ላድርግ?»

ደረጃው ቁልቁል ነው። መተላለፊያው ላይ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ አስተምረዋታል።

እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ፖስተኛው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «የምደውለው ከመድኃኒት ቤቱ ስልክ ነው። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ እዚያ እስክደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን እናገራለሁ፣ ልጄ። አልደብቅም።»

ቁልቁል ሮጠች።

ቢሮው ውስጥ ኮፒ አንሺዋ ብቻዋን ነበረች። «የት ነበርሽ?» አለች። መርፌ በሩን ዘግታ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችላት። ሴትየዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ማሽኑን አጠፋችው።

«መሬት ትዋጥሽ ልልሽ ነበር» አለች። «ጊዜ የለኝም። ተነሺ።»

ሃያ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ተጠሩ። ድምፅ ሲለምኑባቸው የከረሙትን በሮች አሁን ሽሹ ለማለት ሊያንኳኩ ተከፋፈሉ። ታዛቢ መተካት እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈቀዳል። ሲስተርም ተጠርተው መጡ፤ ሁሉንም ሰምተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ባዶዎቹን የታዛቢ ካርዶች መፈረም ጀመሩ። ምትክ ለማግኘት አልተቸገሩም። ያዋለዷቸውን እናቶች ከነልጆቻቸው ስም በቃላቸው ያውቃሉ። መርፌን ቀና ብለው ያዩዋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«እህትሽስ? እሱም የፈጠራ ነበር?»

«እሱ ብቻ እውነት ነው፣ ሲስተር።»

ወደ ፊርማቸው ተመለሱ።

መርፌ በመስኮቱ ጥግ አየች። ማዶ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። ግራጫው ጃኬት ከፊት ወንበር ላይ ነው። ግማሽ ሰዓቱ አልቋል።

«ካርዶቹን በማተሚያ ቤቱ ጓሮ አውጪ» አለቻት ኮፒ አንሺዋን። የካርዶቹን ባዶ ካርቶን አነሣች። በፊት ለፊቱ በር ወጣች።

ካርቶኑን ጡቷ ላይ አቅፋዋለች። ከባድ እንደያዘ ሰው ትራመዳለች።

የመኪናው በር ተከፈተ። አንድ። ሁለት። ሦስት ጥንድ ጫማ።

አልሮጠችም። የሮጠ ሰው ቶሎ ይያዛል። ገበያው ውስጥ ገባች፤ በጨርቅ ሻጮቹ በኩል ወጣች። አውቶቡስ ተሳፈረች። በሁለተኛው ፌርማታ ሰውየው ከኋላዋ ቆሟል። ትንፋሹ ማጅራቷን ነካት።

«ካርቶኑን» አለ አጎቴ። «ቀስ ብለሽ።»

ሰጠችው። በአንድ እጁ ተቀበላት።

ቀለለው።

ባዶነቱ እስኪገባው የፈጀበት ጊዜ በቃት። በሚዘጋው በር መሀል ትከሻዋን አሾልካ ወረደች። ኮቷ በሩ ላይ ቀረ። አውቶቡሱ ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያን ከተማ አልረገጠችም።

ያኑ ዕለት የአጎቴ መሥሪያ ቤት ቅዳሜን ሳይጠብቅ በየቤቱ ገባ። ሃያ ሰባቱ አልተገኙም። ለአራቱ ግን ወሬው ሳይደርሳቸው ቀርቷል። የመካኒኩ ሚስት በር ሁለት ጊዜ ተንኳኩቶ ነበር፤ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄዳ ነበር። ስትመለስ የጠበቋት ሌሎች ናቸው። ኮፒ አንሺዋን በማግስቱ፣ የመጨረሻውን ካርድ ለምርጫ ጽሕፈት ቤት አስረክባ ስትወጣ ያዟት።

እሁድ ሠላሳ አንዱም ወንበር ሰው ነበረበት። ድምፁ በታዛቢ ፊት ተቆጠረ፤ ውጤቱ በታዛቢ እጅ ተፈረመ።

መርፌ ውጤቱን የሰማችው በሦስተኛው ቀን፣ ሩቅ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሬዲዮው ከአየር ጠባይ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። ሲስተር በሁለት መቶ አሥራ ስድስት ድምፅ አሸንፈዋል።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሽማግሌው እስር ቤት በር ላይ ቆመው እንደሆነ አሰበች። ልጁ ወጥቶ ይሆን? ግማሽ ሰዓት የዘገየ ወሬ ዋጋው ስንት ነው? የምትጠይቀው ሰው የለም። ስለ አምስቱ እስረኞችም ሬዲዮው ምንም አላለም።

«አዋላጅ እንኳን አሸነፈች!» አለች አጠገቧ ያለችው አጣቢ፣ የትራስ ልብስ እየጨመቀች። «ታውቂያታለሽ እንዴ? ፊትሽ ተለዋወጠ።»

«አላውቃትም። እንፋሎቱ ነው።»

ከበሩ በኩል የክፍሉ ኃላፊ ተጣራች። ገና ስሟን አልያዘችውም።

«አዲሷ፣ ሁለተኛ ፎቅ አንሶላ ይፈልጋሉ።»

መርፌ እጇን በሽርጧ አደራርቃ አንሶላዎቹን አነሣች።