ቀይ፣ ወደ ላይ

ጎርፉ ቤታችንን ወሰደው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ስሜ አደም ነው። እናቴ ሰዓዳ ትባላለች፣ ታናሽ እህቴ ሩቂያ፣ ፍየላችን ደግሞ ቦራ።

ከወሎ መጥተን የምንኖረው ባሕር አጠገብ ባለች የወደብ ከተማ ነበር። መርከብ ሲገባ «ቡዉዉ፣ ቡዉዉ» ይላል።

ቤታችን ከቆርቆሮና ከጣውላ የተሠራ ነው። የቆመው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው።

ደረቅ ወንዝ ውሃ የለውም። አሸዋ አለው፣ አንድ ግራር አለው፣ እኛም አለን።

ሌላ ቦታ ቤት አላገኘንም።

ከበላያችን ትምህርት ቤት አለ። ወደዚያ ለመውጣት ሃያ ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

እናቴ የሰው ልብስ ታጥባለች። ስትጨርስ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፣ ቦራ ደግሞ ጫፉን ትበላለች።

«ቦራ፣ ያ ሸሚዝ የሰው ነው» ትላለች እናቴ። ቦራ ዝም ብላ ታኝካለች።

ከጎናችን አያ ጫኔ ይኖራል። ሌሊት ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል፣ ቀን ይተኛል።

«ኩርርር፣ ኩርርር» ይላል አያ ጫኔ። ቆርቆሮው አብሮት ይንቀጠቀጣል።

ማዶ ደግሞ ጋሼ ወንድይፍራው አለ። እሱ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ሩቅ መንገድ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጋሼ ስልኩን እያየ አገኘሁት። ስልኩ ላይ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ሣር ነው?» አልኩት።

«ዝናብ ነው» አለኝ። «ራዳር ነው የሚያሳየን።»

ከዚያ ጣቱን ወደ አየር ማረፊያው ቀሰረ። እዚያ ረጅም ምሰሶ ላይ ትልቅ ነጭ ኳስ ተቀምጧል። እኔ የጨረቃ ልጅ ይመስለኝ ነበር።

«ኳሱ ውስጥ የሚዞር ሳህን አለ» አለኝ። «ሳህኑ ዝናብን ይጠራል። ጥሪው ዝናብ ካገኘ ነጥሮ ይመለሳል። እንደዚያ ነው ዝናቡ የት እንዳለ የምናውቀው።»

«ሲጣራ ለምን አልሰማሁትም?»

«የሚጠራው አንተን አይደለማ።»

ጋሼ ቀለሞቹን አስተማረኝ። አንድ በአንድ፣ በጣቱ።

«አረንጓዴ፣ ጠብ ጠብ።
ቢጫ፣ ዶፍ ዶፍ።
ቀይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ።»

«አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ» አለኝ። «ዝናቡ ሲሄድ ስዕሉም ይሄዳል። ስዕሉ ከቆመ የቆየ ነው፤ የቆየ ስዕል አትመን።»

«እንዴት አውቃለሁ?»

«ጥጉ ላይ ሰዓት አለ። ሁልጊዜ ጠይቅ። ይሄዳል? ቆሟል?»

መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ሰጠኝ። በማግሥቱ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ዳቦ እየበላሁ አያለሁ። ውሃ እየቀዳሁ አያለሁ። ጫማዬን እያሰርኩ አያለሁ።

ይሄዳል? ቆሟል? ይሄዳል።

ለሩቂያም ጨዋታ አወጣሁላት። «አረንጓዴ» ስል እጇን ዘርግታ ጠብታ ትቀበላለች፤ «ጠብ ጠብ።»

«ቢጫ» ስል እናቴ ቀሚስ ሥር ትደበቃለች፤ «ዶፍ ዶፍ።»

«ቀይ» ስል ሃያውን ደረጃ ትሮጣለች፤ «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ።» ቦራም ትከተላታለች፤ የሩቂያ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የዳቦ ቅርፊት አለና።

አያ ጫኔ ይስቅብኛል። «አደም፣ እስኪ ያንን ዝናብ ከኪስህ ትንሽ ልቀቅልን፤ ሞቆናል።»

እናቴ ግን አትስቅም። «ልጄ፣ ዓይንህ ይታመማል» ትለኛለች። «እኛ አገር ዝናብ ሊመጣ ሲል ሰማዩ ይጠቁራል። ቀና ብሎ ማየት ነው።»

እኔም ቀና ብዬ አያለሁ። ከዚያ ስልኩን አያለሁ።

ማክሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ።

ሰማዩ ሰማያዊ ነው። አንድም ደመና የለም። እናቴ ሁለት ገመድ ሙሉ ልብስ አስጥታለች።

አያ ጫኔ ተኝቷል። «ኩርርር፣ ኩርርር።»

ሩቂያና ቦራ ከግራሩ ሥር ናቸው። ግራሩ ከቤታችን ራቅ ይላል፤ ወንዙ መሃል ነው።

ስልኩን አየሁ። ሩቅ ተራራው ላይ ትንሽ አረንጓዴ አለ። ጠብ ጠብ።

ትንሽ ቆይቼ አየሁ። ያው አረንጓዴ። ጠብ ጠብ።

እንደገና አየሁ። ያው አረንጓዴ፣ እዚያው ቦታ።

እዚያው ቦታ?

ጥጉን አየሁ። የስዕሉ ሰዓት ስምንት ይላል። የስልኩ ሰዓት ዐሥር ይላል።

ይሄዳል? ቆሟል?

ቆሟል።

ኔትወርክ የለም። ሙሉ ሁለት ሰዓት ያየሁት የቆየ ስዕል ነው።

ታች ሲጠፋ ኔትወርክ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። ሮጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሃያ።

ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩት። ትንሿ ክብ ትዞራለች። ዙር፣ ዙር፣ ዙር።

ዙር፣ ዙር፣ ዙር። ቶሎ በይ።

ስዕሉ መጣ። ተራራው ቀይ ሆኗል።

ሃያውን ደረጃ ወረድኩ። ስንቱን እንደዘለልኩ አላውቅም።

«እማዬ፣ ቀይ ነው።»

እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «የታለ?»

«ተራራው ላይ።»

«ተራራው ላይ ከሆነ እዚያ ያሉት ይጠለሉ። እኛ ባሕሩ አጠገብ ነን፤ እኛን ምን አገባን?»

መሬቱን አየሁ። አሸዋውን አየሁ፤ ከባሕሩ እስከ ተራራው ድረስ እንደ መንገድ ተዘርግቷል።

«ይህ ወንዝ የሚመጣው ከየት ነው?» አልኳት።

እናቴ ወደ ተራራው ዞረች።

ገመዱን አየች። ሁለት ገመድ ሙሉ የሰው ልብስ። እጇ ወደ ልብሱ ሄደ።

እጇ ተመለሰ።

«ሩቂያ የታለች?» አለች።

«ግራሩ ሥር።»

እናቴ ድስትና ጭልፋ ሰጠችኝ። «አንተ ሰዉን ቀስቅስ። እኔ ሩቂያን ላምጣ።» ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች።

ድስቱን መታሁት። ኳ! ኳ! ኳ!

«ቀይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ።»

ኳ! ኳ! ኳ!

በሮች ተከፈቱ። አንዳንዱ ሰማዩን አየ። አንዳንዱ ፊቴን አየ፣ ልጁን አነሣ፣ ወደ ደረጃው ሄደ።

አያ ጫኔ ግን ያንኮራፋል። በሩን ገፍቼ ገባሁ፤ ጆሮው ሥር ድስቱን መታሁት። ኳ!

«ምን ሆንክ አንተ ልጅ?»

«ጎርፍ ነው፣ አያ ጫኔ።»

«ደመና ሳይኖር?» አለና አዛጋ።

ያን ጊዜ ሰማነው። ከሩቅ ነው። የመርከብ ድምፅ አይደለም፣ የመኪናም አይደለም።

ጉምምም።

አያ ጫኔ ማዛጋቱን ተወ። አንድ ጫማ አጠለቀ፤ ሁለተኛውን አልፈለገም።

እኔ ወደ ግራሩ ዞርኩ። እናቴ ሩቂያን ትጎትታለች። ሩቂያ የቦራን አንገት አቅፋ አለቅስም ብላ ታለቅሳለች። ቦራ እግሯን ተክላ ቆማለች።

«ልቀቂያት» ትላለች እናቴ።

«እምቢ፣ ብቻዋን ትፈራለች» ትላለች ሩቂያ።

ጉምምም።

እኔም ፈርቻለሁ። ግን ጨዋታውን አስታወስኩ። ድስቱን መታሁ፣ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ።

«ሩቂያ። ቀይ።»

ሩቂያ ቀና አለች። እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» አለች። የቦራን አንገት ለቀቀች፣ ሮጠች።

ኪሷ ውስጥ የዳቦ ቅርፊት አለ። ቦራ ተከተለቻት፤ እናቴም ከኋላቸው።

እኔና አያ ጫኔ ደረጃው ሥር ጠበቅናቸው። አያ ጫኔ ሩቂያን ከመሬት አንሥቶ ጆንያ እንደሚሸከም ትከሻው ላይ ጫናት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቡናማ ውሃ ከወንዙ መታጠፊያ ጀርባ ብቅ አለ።

ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት። ግራሩ ተንቀጠቀጠ።

ዐሥራ ዘጠኝ። ሃያ።

ዞረን አየን። ወንዙ ሞልቷል።

ሰማዩ አሁንም ሰማያዊ ነበር። አንዲት ጠብታ አልነካችንም።

ቤታችን መጀመሪያ ዘመም አለ። ከዚያ ቆርቆሮው «ጯጯጯ» አለ። ከዚያ ሄደ።

ሁለቱ ገመዶችም ሄዱ። ሸሚዞቹ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ባሕሩ ወረዱ።

እናቴ በዓይኗ ቆጠረችን። ደግማ ቆጠረችን።

አያ ጫኔ እግሩን አየ። «አንዱ ጫማዬ መርከብ ሆኗል» አለ። «ይህን ምን ላድርገው?»

«ለቦራ ስጣት» አለች ሩቂያ። ቦራ ማሠሪያውን ማኘክ ጀምራ ነበር።

ሲመሽ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ክፍል ከፈተልን። ወንበሮቹን ገፋን፣ ምንጣፍ አነጠፍን። ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ሰማዩን ሲያዩ የቆዩትም፣ አብረውን ገቡ።

ስልኩ ጮኸ። ቂርር፣ ቂርር። ጋሼ ወንድይፍራው ነው።

«ቀዩን አሁን አየሁት» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «የት ናችሁ?»

«ላይ ነን» አልኩት።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ግን ስዕሉ ቆሞብኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አላወቅሁም።»

«ኋላ ግን ጠየቅህ» አለኝ። «በል፣ አሁን ተኛ።»

አልተኛሁም። ስልኩን አየሁ። ቀዩ ቢጫ ሆኗል። ቆይቼ አየሁ፤ ቢጫው አረንጓዴ ሆኗል።

እናቴ አጠገቤ ጋደም አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄዳል? ቆሟል?» አለችኝ።

«ይሄዳል።»

«እንግዲያው አንተ ተኛ። እኔ አያለሁ» አለች፤ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

አያ ጫኔ «ኩርርር» አለ። ሩቂያ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘርግታ «ጠብ ጠብ» አለች።

ጠዋት ወንዙ ተመልሶ አሸዋ ሆኗል። ግራሩ የለም። ቤታችንም የለም።

እናቴ፣ ሩቂያ፣ ቦራና እኔ አለን። አያ ጫኔም ከአንድ ጫማው ጋር አለ።