ያላሳከከ ራስ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ቧንቧው ደረቀ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ከጉድጓድ የቀዳትን እየቆጠበ ኖረ፤ ከዚያ ውኃ በአሥር ቀን አንዴ በቦቴ መምጣት ጀመረ። ለመጠጥም አትበቃም ነበር፤ ራስ መታጠብ ቅንጦት ሆነ። ላብና አቧራ ተጋግሮ የሁሉም ራስ ያሳክክ ጀመር፤ አንዱን ፎረፎር ያዘው፣ አንዱን ቅማል፣ ልጆቹን ቆረቆር። ሲያክኩት ቆሰለ፤ ሲቆስል ፀጉሩ እየተሰበረ ረገፈ።

ስለዚህ ሽማግሌው ፀጉር ቆራጭ ፀጉሩ ረግፎ ሲሞት የደነገጠ አልነበረም። «የሰው ራስ ሲነካካ ተጋባበት» አሉ የሰፈሩ ሰዎች። ወንድሙ ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከሰሰ። «ሚስቱ ናት! ቅጠል እያፈላች ራሱን ትቀባው ነበር። መርዛ ገደለችው።»

ጉዳዩ ለአንዲት መርማሪ ተሰጠ። የሚስትየው ንጹሕነት እስከ ነገ ካልተረጋገጠ እስር ቤት ትገባለች።

መርማሪዋ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሬሳ ክፍል ነበር። አጣቢዎቹ በር ላይ ቆመዋል።

«ገላውን እናጥባለን፤ ራሱን ግን አንነካም» አለ አንደኛው። «እኛም ልጆች አሉን።»

መርማሪዋ አልፋቸው ገባች። በባዶ እጇ ራሱን አቅፋ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ይህን ራስ ታውቀዋለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ቆረቆር ይዟት ነበር። ልጆች «ቆረቆራም» እያሉ ይሸሿታል፤ ፀጉር ቆራጭ ሁሉ ከበር ይመልሳታል። ይህ ሰው ብቻ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በባዶ እጁ ላጫት፤ እስክትድን በየሳምንቱ መድኃኒት ቀባት። እናቷ ልታመሰግነው ብትሞክር፣ «ተይው እቴ፣ ብድሬን ራሷ ትመልሳለች። አንድ ቀን የኔን ራስ ታይልኛለች» ብሎ ስቆ ነበር።

አሁን አየችለት። ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ ልስልስ ነው። ቅርፊት የለ፣ ቁስል የለ፣ የጥፍር ጭረት የለ። ቅንድቡም በግማሽ ረግፏል። በጥፍሮቹ ላይ ነጭ መስመር አግድም ተሰምሯል።

«ጋሼ፣ አንተ አላከክህም» አለች በለሆሳስ።

መርማሪዋ ሚስትየውን በባሏ ባዶ የፀጉር መቁረጫ ሱቅ ውስጥ ቆማ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ፀጉሩ መርገፍ የጀመረው መቼ ነው?»

«ሦስተኛው ቦቴ የመጣ ዕለት። ውኃ አገኘሁ ብዬ ትራሱን ላጥብ ስል ፀጉር በፀጉር ሆኖ አየሁት። ልብስ ያጠብኩበትን ቀን በዚህ ዘመን ማን ይረሳል፣ ልጄ?»

«ያሳክከው ነበር?»

«ኧረ! እኛ ስናክ እሱ ይስቅብን ነበር። ያማረረው እግሩን ነው። ተቃጠልኩ እያለ ብርድ ልብስ እንኳ አላስነካ አለኝ።»

ማበጠሪያው ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የራሱ ብቻ ነው፤ ደንበኛ አይበጠርበትም። በላዩ የቀረው ፀጉር ከነሥሩ የወጣ ነው። መሬት ላይ የቀረው የደንበኞች ፀጉር ግን የተሰበረ ነው፤ ቅርፊት ተጣብቆበታል። መሳቢያውን ሳበችው። አሥራ ሁለት የእከክ ቅባት ቆርቆሮ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ ጋሼ በእርሳስ ጽፏል፦ «ልብስ ሰፊው፤ አልዳነም።» «የአስተማሪዋ ልጅ፤ አልዳነም።»

ቅባቱን የሚሸጠው ከጎን ያለው ባለ ፋርማሲ ነበር። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አይጠላም።

«ሰውየው ራሱን ሲቦጭቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አላት። «ደም በደም ሆኖ ነበር። ፀጉሩ ሲረግፍ አንጀቴን በላኝና የፀጉር ቫይታሚን ሽሮፕ ሰጠሁት። ደግ ሠርቶ መጠየቅ የዛሬ ዘመን ነው።»

ወንድምየው እህል መጋዘኑ ውስጥ ነበር።

«የአይጥ መርዝ ገዝተሃል ይባላል።»

«ገዝቻለሁ! አይጥ በጸሎት ይሞታል እንዴ? የተረፈውን ዶክተሩ አደገኛ ነው፣ መልስልኝ ብሎ ወሰደው። ቦቴ ከመጀመሩ በፊት ነው።»

«ሽሮፑንስ ታውቀዋለህ?»

«እኔው ነኝ ከዶክተሩ ተቀብዬ ያመጣሁለት። የመጀመሪያው ቦቴ ዕለት ከጀሪካኑ ጋር በጋሪ ጫንኩት። 'ይህን ጎፈሬ ይዘህ የፀጉር መድኃኒት ምን ያደርግልሃል?' ብዬ ቀለድኩበት።»

መርማሪዋ በዚያው ምሽት ከሟቹ ቤት የሽሮፑን ጠርሙስ፣ ከሱቁ አንድ የቅባት ቆርቆሮ፣ ከሬሳው ፀጉርና ጥፍር ወስዳ ለላቦራቶሪ ላከች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ሚስትየው ግድግዳውን ተደገፈች። የተረፈው የሟቹ ወንበር ነው፤ ዶክተሩ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጠ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«እከክ ፀጉር ይጨርሳል» አለች። «ግን ምልክቱን ይተዋል፤ ቁስል፣ ቅርፊት፣ የተሰበረ ፀጉር። የጋሼ ራስ ንጹሕ ነው። ቅንድቡም ረግፏል፤ ቅንድቡን አክኮ የጨረሰ ሰው አይቻለሁ የሚል አለ? ይህም፣ የጥፍሩ ነጭ መስመርም፣ የእግሩ ቃጠሎም ከውስጥ የመጣ ነው። ላቦራቶሪው በፀጉሩ፣ በጥፍሩና በሽሮፑ ጠርሙስ ውስጥ የአይጥ መርዝ አግኝቷል።»

ወንድምየው ወደ ሚስትየው ጣቱን ቀሰረ። «አላልኩም?»

«ጣትህን ሰብስብ። መርዙን የመለስከው ለማን ነው?»

ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«ያ መርዝ ፀጉር የሚያረግፈው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሽሮፑ በመጀመሪያው ቦቴ ቀን ገባ። ፀጉሩ በሦስተኛው ረገፈ። ሃያ ቀን። ዶክተር፣ ፀጉሩ ሲረግፍ አዝኜ ሰጠሁት ብለውኛል። ፀጉሩ ሳይረግፍ የፀጉር መድኃኒት የሚሰጥ፣ እንደሚረግፍ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

«ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል...»

«ደሙንም ተሳስተው ነው ያዩት?» መሳቢያውን ስባ ቆርቆሮዎቹን ፊቱ ደረደረች። «ላቦራቶሪው ያገኘበት ቫዝሊንና ዱቄት ብቻ ነው። የሰፈሩ ራስ ሁሉ በጋሼ እጅ ያልፋል፤ ቅባትዎ እንደማያድን ከእሱ በቀር ማን ሊያውቅ? ለሰው ከመናገሩ በፊት ቀደሙት። ሰው ሁሉ በሚመለጥበት ዓመት አንድ መላጣ ማን ይጠይቃል ብለው።»

ዶክተሩ መስታወቱን አየ። እጁ ሳያስበው ወደ ራሱ ወጣ።

«አሳከከህ እንዴ፣ ዶክተር?» አለ ወንድምየው።

ፖሊሱ የዶክተሩን ክንድ ያዘ። ወንድምየው ከሚስትየው እግር ሥር ተንበረከከ። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ። እሷም አላነሳችውም፤ አልገፋችውም።

መርማሪዋ ከሱቁ ምላጭ፣ ሳሙናና ግማሽ ጀሪካን ውኃ ይዛ ወደ ሬሳ ክፍል ተመለሰች። አጣቢዎቹ ራሱን እንዳልነኩት ነበር። ፀጉር ቆራጭ ተመላልጦ አይቀበርም። እጅጌዋን ሰብስባ በባዶ እጇ አረፋውን ቀባችው፤ እሱ ያኔ እንዳደረገው ከጆሮው ጀምራ ወደ ላይ ላጨችው፤ አንድም ቦታ ሳትቧጭረው።

«ይኸው፣ ጋሼ» አለችው። «አየሁልህ።»