የታሊ ሁለተኛ ሳህን

ዶክተር ታሊ ከናይትሮጅን ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍታ የተገኘችው ዓርብ ማለዳ ነው። የናይትሮጅኑ ጋን ክዳን ወልቆ፣ የወጣው ጋዝ አየሩን አሟጧል፤ አየር ሲያንስ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ከሶኬቱ ተነቅሏል። ፖሊሶች ላቦራቶሪውን አሽገው አስከሬኑን ባገኙት የጽዳት ሠራተኛ፣ በወይዘሮ ጥሩአየሁ ላይ ጥፋቱን አላከኩ። ማስጠንቀቂያውን ለጽዳት ማሽንሽ ብለሽ ነቅለሽ ረሳሽው አሏቸው። መጨረሻው እስር ቤት ነው።

«እኔ በመወልወያ እንጂ በማሽን አልሠራም፣ ልጄ። ማን ይስማኝ?» አሉ እሑድ ለመጣችው መርማሪ።

«እኔ እየሰማሁ ነው፣ እትዬ» አለች ፋንትነሽ።

ተማሪዋ ኖአ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። «ረዳት ተመራማሪው ሊዮር አንድ ጂን፣ ማለትም ዘረመል፣ ሲታፈን የጡት ካንሰር ሕዋሳት ይሞታሉ ብሎ ጻፈ። ታሊ ራሷ ሙከራውን ደገመችው። አንዱ የሕዋስ ማሳደጊያ ሳህን ጂኑ የታፈነበት፣ ሁለተኛው ምንም ያልታፈነበት ማነጻጸሪያ። ሐሙስ አመሻሽ አብረን ስናይ ሁለቱም ሞተዋል።»

«ታዲያ?»

«የገደላቸው የጂኑ መታፈን ሳይሆን የተጠቀምንበት ፈሳሽ ነዋ! የሊዮር ሥራ ገደል ገባ።»

አጠገባቸው የቆመው ሊዮር ትከሻውን ሰበቀ። «ሐሙስ በቀትር ነው የወጣሁት። ማነጻጸሪያው ዛሬም ሕያው ነው። ያላ፣ በይ ከፍተሽ እዪ!»

ፋንትነሽ ማኅተሙን ቀድዳ ገባች። በማጉያው የአንደኛው ሳህን ሕዋሳት ሞተው ረግፈው ይንሳፈፋሉ፤ የሁለተኛው ሕያው ሆነው ከሳህኑ ተጣብቀው ይፋፋሉ። ክዳኖቹ ላይ ያለው የታሊ ጽሑፍ ነው።

«እነዚህን ነክተው ያውቃሉ፣ እትዬ?»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ አቀረቀሩ። «አንዴ ስወለውል ክዳን አለዋወጥኩባት። የሁለት ወር ልፋቷን አበላሸሁ። አልተቆጣችም። እንዳያባርሩኝ ለማንም ሳትናገር፣ ከዚያ ወዲህ ከሳህኑ ሥርም ትጽፍ ጀመር።»

ፋንትነሽ ኖአን፣ ሊዮርንና ወይዘሮ ጥሩአየሁን ሰበሰበች። ሳህኖቹን ገለበጠች።

«የሞተው ሳህን ሥር ላይ የታሊ ጽሑፍ አለ። የሕያው ሳህን ሥር ግን ባዶ ነው። አንድ ሰው ሌላ ሳህን አምጥቶ የታሊን ክዳን ደፍቶበታል።»

«ኖአ ትሆናለቻ!» አለ ሊዮር።

«ኖአ ብትለውጠው ሞቶ አየሁት አትለኝም ነበር። እትዬ ቢሆኑ ሥሩ ላይ መጻፍ አይረሱም ነበር። አንተስ? ቀትር ላይ ከወጣህ፣ ሐሙስ አመሻሽ ሞቶ የታየ ሳህን፣ ዓርብ በታሸገ ክፍል ውስጥ ዛሬም ሕያው መሆኑን በምን አወቅህ?»

ሊዮር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰባት ዓመቴን ልትሰርዘው ነበር። የጋኑን ክዳን አውልቄ በሩን ከውጭ የያዝኩት ትንሽ ትፍራ ብዬ ነው።»

«ማስጠንቀቂያውን አስቀድመህ ነቅለህ?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«በሰደር፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እትዬ። ወደ ሰፈርዎ ወደ አሚሻቭ ይሂዱ፤ ማንም አይከስዎትም» አለች ፋንትነሽ።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ከዓርብ ጀምሮ ለራሳቸው ሲፈሩ ለታሊ አላለቀሱላትም ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ፤ ኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር ሙሾ በሙሾ ሆነ።