የኬሩቦ እናት

«ያቺ ሴትዮ ዛሬም አንቺን ነው የምታየው» አለች ሙምቢ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በክርኗ ጎሰም አድርጋት።

ኬሩቦ አንገቷን አላዞረችም። አፓርታማዎቹ በር ላይ ልብስ አጣቢዎቹ እንደ ወትሯቸው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ይጠብቃሉ። ሁሉም ከሐዲዱ ማዶ፣ ከድሆቹ ሰፈር ከኪቤራ፣ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ዳር ላይ የተቀመጠችው እናቷ ናት።

«ምን አውቄ! ማየት ክልክል ነው እንዴ?»

ይቺ ሙምቢ ነገር ሸቷታል። ቤቷ በወዲያ በኩል ሆኖ ሳለ ሰሞኑን በዚህ በር ካልሄድን ማለቷ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? ባለፈው ሳምንት ሰዓቷ ክፍል ውስጥ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የተበረበረው የማን ቦርሳ ነበር? የኪቤራው ልጅ የኦቲዬኖ! ሰዓቱ ግን ከገዛ ካልሲዋ ውስጥ ወጣ፤ ይቅርታ ያለው ሰው የለም። ኬሩቦን አጎቷ ከኪቤራ አውጥቶ እዚህ ግቢ፣ እሱ ቤት ያመጣት ይህ እንዳይደርስባት ነው። እናቷም «በር ላይ ካየሽኝ እለፊኝ፤ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም» ብላ አስምላታለች።

«የኬሩቦ እናት! ኧረ የኬሩቦ እናት፣ ሥራ ተገኘ፣ ነይ!»

ከግቢው ውስጥ የተጣራችው አዲሷ አጣቢ ናት። ሌሎቹ ተለምነው በትንሹ ልጇ ስም «የኦምባቲ እናት» ማለት ለምደዋል፤ ይቺኛዋን ግን ማንም አልነገራት። እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ነው፣ ሴትዮዋ ምን ታድርግ!

ሙምቢ ቀጥ አለች። «የማን እናት ነው ያለችው?»

እናቷ ብድግ አለች። «የኔዋ ኬሩቦ ገጠር ናት፣ የኔ እናት» አለቻት ለሙምቢ፣ ሳትጠየቅ። «ኪሲ፣ አያቷ ዘንድ። ስም እንደሆነ ይመሳሰላል።» ደግሞ ሳቀች። የልመና ሳቅ ነበር።

ሙምቢ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ኬሩቦን አየች። «እኔ እኮ ምንም አልወጣኝም» አለች ቀስ ብላ። ማወቅ አለማወቋ ከፊቷ አይነበብም። ነገ ክፍል ገብታ ምን እንደምታወራም እንዲሁ።

እናቷ ሳሙናና ብሩሽ የያዘ ሳፋዋን አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ ኬሩቦ ተከትላ የሳፋውን ጠርዝ ያዘች።

«ልቀቂ! አብደሻል?» አለች እናቷ በሹክሹክታ፣ በኪሲ ቋንቋ።

«ስጪኝ እማ፣ እኔ ልያዘው» አለች ኬሩቦ፣ ጮክ ብላ፣ ሙምቢም በሚገባት በስዋሂሊ።