የቁልቋሉ ልጆች

ጡረተኛዋ አስተማሪ በበረንዳቸው ሲሚንቶ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከማጅራታቸው የወረደው ደም ደርቋል። ከራስጌያቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእናታቸው ሥር የተገነጠሉ ሰባት ትንንሽ ቁልቋሎች በየጣሳቸው ተተክለው ተደርድረዋል።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ጣቷን አንዱ ጣሳ ውስጥ ሰደደች። አፈሩ ጭቃ ነው። ምስማር ላይ የተሰቀለውን የጎማ ጓንት ገለበጠችው፤ የአፈር ምልክት እንኳ የለበትም። ሐኪሙ «ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተዋል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ» ብሏት ሄዷል።

አስከሬኑን ያገኘችው አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ።

«ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው የሆነው» አለች እያለቀሰች። «በረንዳው ጥላ የሚሆነው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ አክስቴ ያለ ጥላ አፈር አትነካም። ዛሬ የቁልቋሉን ልጆች እለያቸዋለሁ ብላኝ ነበር።»

«ያን ጊዜ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እስከ ስምንት ሰዓት ከደንበኞቼ ጋር ሱቅ ነበርኩ፤ ከዚያ ልብስ ላደርስ ወጥቼ... ብቻዬን።»

«ከለዩዋቸው በኋላስ ምን ያደርጓቸዋል?»

«ጋዜጣ ላይ ታሰጣቸዋለች። ቁስላቸው እስኪደርቅ አፈርም ውኃም አታስነካቸውም። አንዴ ቸኩዬ ባጠጣቸው፣ አበሰበስሽልኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች።»

ጓሮ የሚኖረው ተከራይ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ወገቡን ይዞ ገባ።

«እኔን ነው የሚጠረጥሩት፣ አይደል? ከሰዓት በኋላ እዚህ ግቢ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ!»

«ጠዋትስ?»

«ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ። እስከ ሰባት ሰዓት። ከዚያ በጓሮ በር ገብቼ ተኛሁ፤ በረንዳውን አላየሁም።»

በመጨረሻ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ዓይኑን በመሐረብ እያሸ ተቀመጠ።

«ረፋድ ላይ ጎራ ብዬ ሰላም አልኳት። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነበርኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ዓይንዎ ቀልቷል።»

«እህቴ እኮ ናት! አላልቅስ እንዴ?»

«በአንዱ ዓይንዎ ብቻ?»

መሐረቡን ወደ ዓይኑ መለሰ።

ሲመሻሽ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ማየት ፈርቷል።

«እነዚህን የተከሉት አስተማሪዋ አይደሉም» ብላ ጀመረች። «እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባሰጧቸው ነበር። ይህ ሰው ግን ከነቁስላቸው ቀብሮ ውኃ ደፋባቸው። ለምን? እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበሩ እንድንል። ልብስ ሰፊዋ ሥራውን ስለምታውቅ እንዲህ አትሳሳትም። ደግሞም የከሰዓቱ ጊዜ የሚያስጠረጥረው እሷንና ተከራዩን ነው፤ በገዛ እጁ አንገቱን ገመድ ውስጥ የሚያስገባ ደግሞ የለም። ከሰዓት በኋላ ምስክር ሞልቶት፣ ረፋድ ላይ ግን ምስክር ያጣ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሾፌሩ ብድግ አለ። «ስም ማጥፋት ነው!»

«ይቀመጡ። ቁልቋል ወተት አለው፤ ዓይን ያቃጥላል። ጓንቱን ሳያነሡ በባዶ እጅዎ ገነጠሏቸው፤ ከዚያ ዓይንዎን አሹ። መሐረቡን ይስጡኝ፤ ላቦራቶሪ ይየው።»

መሐረቡ ከእጁ ወደቀ። እሱም ተመልሶ ተቀመጠ።

«መንገድ ላይ ሰው ገጭቼ ማምለጤን ደረሰችበት» አለ ወደ መሬት እያየ። «ነገ እጅህን ካልሰጠህ እኔው እናገራለሁ አለችኝ። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ጀርባዋን ስትሰጠኝ... ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መኮትኮቻ አነሣሁ።»

ተከራዩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ ግን ማልቀሷን አቁማ ነበር።

«አጎቴ» አለች በቀስታ፣ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን እንደምወጣ ጠዋት በስልክ ነግሬሃለሁ።»

ሾፌሩ ፊቱን አዞረ።

«እኔ እንድታሰርልህ ነበር?»

እሱ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ እንጂ ቀና ብሎ አላያትም።