የጾሙ ዘይት

መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን የገደላቸው ጾም አይደለም፤ ዕድሜም አይደለም። የገደላቸው ዘይት ነው። ዘይቱን ያስጨመቀው ወንድ ልጃቸው አምሐ ነው። ዘይቱ መርዝ መሆኑን ከማንም በፊት አውቃ ዝም ያለችው ደግሞ ሴት ልጃቸው የብርጓል ናት። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «ቀናቸው ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል» እያለ ንፍሮውን ቆርጥሞ ሄደ። ቀናቸው ደርሶ! ቀኑን ማን እንዳደረሰው የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ያለው ቤታቸው የጭቃ ቤት ነበር፤ ቢሆንም ጎረቤት የሚቀናበት ቤት ነበር። መሪጌታ በደብሩ ቅኔ ያስተምራሉ። ዘመድ ተሰብስቦ «የብርጓልን እንዳራት፤ ሴት ልጅ ንባብ ቢበዛባት ዓይኗ ይጠፋል እንጂ ምን ይጨመርላታል» ሲላቸው፣ «ዓይኗ ከጠፋ እኔ እመራታለሁ» ብለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሰደዱ አባት ናቸው። ልጅቷ በኬሚስትሪ ተመርቃ ባሕር ዳር ተመለሰች፤ በከተማው አዲስ በተከፈተች አንዲት ትንሽ የምግብ መመርመሪያ ክፍል ተቀጠረች። በስድስት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ አምሐ ደግሞ የአንድ ዘይት መጭመቂያ ኃላፊ ሆነ፣ የፓርቲ አባልም ሆነ። እናታቸው ወይዘሮ እናትዓለም በሰው ፊት «አንዱ ያበላል፣ አንዷ የሚበላውን ትመረምራለች፤ እንግዲህ ለእኔ መብላት ብቻ ነው የቀረኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬ የት አለ?

በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ የመጭመቂያው ማበጠሪያ ተሰበረ። በኑግ ማሳ ውስጥ ቢጫ አበባ የሚያወጣ እሾሃም አረም ይበቅላል። ፍሬው ጥቁርና ደቃቅ ነው፤ ከኑጉ ጋር ታጭዶ ከኑጉ ጋር ይወቃል፤ ካልተበጠረ ደግሞ ከኑጉ ጋር ይጨመቃል። ገበሬው ያውቀዋል፤ በሬው እንኳ አፉን አያስጠጋበትም። አምሐም ያውቀዋል። ነገር ግን የዓመቱ ዕቅድ መሙላት ነበረበት። ግድግዳው ላይ «ከዕቅድ በላይ እናመርታለን» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ መለዋወጫው ደግሞ ከአዲስ አበባ አልመጣም። «እንዳለ ጭመቁት» አለ። ሁለት ቃል ናት። በሁለት ቃል ስንት ሰው ይሞታል?

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አገርነሽ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የየብርጓል የልጅነት ጓደኛ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት በቦርሳዋ ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሉ መጣች።

«ጤና ጣቢያችን የጾመኛ ማኅበር ሆነልሽ» አለች ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «እግሩ ያላበጠ የለም። በጣት ስትጫኚው ጎድጉዶ ይቀራል። ትንፋሽም ያጥራቸዋል።»

«ረኀብ ይሆናል።»

«እኔም ረኀብ ብዬ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ማን ጠግቧል። ግን ያንን ጎረቤቴን አናጢ ታውቂው የለ? ጾም የሚባል ነገር አያውቅም፤ በቅቤ ይበላል፣ ጠጥቶ ይዘፍናል፣ እንደ ሚዳቋ ይዘላል። ሚስቱ ትጾማለች፤ እሷ ተኝታለች። አንድ ጣራ፣ ሁለት ድስት።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እግዜር ጾመኛ ካልጠላ በቀር ነገሩ እዚህ ውስጥ ነው።»

የብርጓል ዘይቱን በመስታወት ቱቦ ቀድታ ናይትሪክ አሲድ ጨመረችበት፤ ናጠችው፤ አቆመችው። ከታች የረጋው አሲድ መጀመሪያ ብርቱካን መሰለ፤ ቆይቶ የደረቀ ደም መሰለ። ንጹሕ መሆኑን በምታውቀው ዘይት ሞከረችው፤ አልቀላም። ሦስት ጊዜ ደጋገመችና የምርመራ ውጤቱን ጻፈች፤ የመጭመቂያውንም ስም ጻፈች። አለቃዋ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። «የማን ዘይት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት። እንደምታውቅ ነገረችው። «እንግዲያው መጀመሪያ ወንድምሽን አነጋግሪ» ብሎ ወረቀቱን መለሰላት። እጁን የታጠበው እንዲህ ነው።

አምሐ በማግስቱ መጣ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«የብርዬ፣ ይህ ወረቀት ከዚህ ክፍል ከወጣ በምን እንደሚከሱኝ ታውቂያለሽ? ስሕተት ነው አይሉኝም። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚሉኝ። ያንን የመጋዘን ሹም የት እንዳደረሱት አይተሻል።»

«ዘይቱስ ጋሼ?»

«ዘይቱን አነሣዋለሁ። ከየኅብረት ሱቁ እየለቀምሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ አነሣዋለሁ። አንድ ሳምንት ብቻ ስጪኝ። እማዬን አስቢያት።»

ወንድሟ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እውነት ለመናገር አምሐ ያለውን አደረገ፤ በስምንተኛው ቀን ያ ዘይት ከባሕር ዳር ሱቆች ጠፋ። የእናታቸውን የዘይት ቆርቆሮ እንኳ ራሱ መጥቶ በሌላ ለወጠላቸው፤ ወይዘሮ እናትዓለምም «ለእናቱ የሚያስብ ልጅ» ብለው መረቁት። በከተማው የሚያብጠው ሰው ቀነሰ። የብርጓልም ልቧ አረፈ። በርሜሎቹ ወዴት ሄዱ ብላ አልጠየቀችም። ለፈተና ሺህ ጥያቄ የመለሰች ልጅ ይህቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ እንዴት ተሳናት? ወንድሟ ነዋ... ወንድም ሲሆን ሰው ጥያቄውን ይውጣል። ስትውጠው መራራ ነበር፤ ቢሆንም ዋጠችው።

ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከገባ አራት ሳምንት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን አገርነሽ ደግማ መጣች፤ በዚህ ጊዜ አልተቀመጠችም።

«መጡብኝ ደግሞ» አለች። «የከተማ ሰዎች አይደሉም፤ የዱርቤቴ ገበሬዎች ናቸው። በቃሬዛ ነው የሚያመጧቸው። ዘይቱን ከየት አገኛችሁ ስላቸው፣ ዘንድሮ መንግሥት ለገጠር አሰበልን ይሉኛል።»

የብርጓል ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ዘይቱ አልተደፋም። ከተማ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ገጠር ማን አለ? ወደ ወንድሟ ቢሮ ልትሮጥ ስትነሣ ከሐይቁ ማዶ መልእክት ደረሳት። አባቷ እንደ ልማዳቸው ጾሙን በሱባዔ ሊያሳልፉ ከሴት ወገን ማንም ወደማይገባበት አንድ ደሴት ገዳም ተሻግረው ነበር። «መሪጌታ ታመዋል» ይላል መልእክቱ። «እግራቸው አብጧል።»

የብርጓል የተሳፈረችበት ጀልባ ደሴቱ ወደብ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ፣ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ።

«ከዚህች ድንጋይ ወዲያ ሴት አታልፍም፤ ታውቂያለሽ ልጄ።»

«አውቃለሁ አባ፣ ይፍቱኝ። አባቴ ምንድን ነው የሚመገቡት?»

«ምን ይመገባሉ፤ በቀን አንዴ ነው። ሲያብጡ ጊዜ ጾሙ ጎዳቸው ብለን ሽሮው ላይ ዘይት ጨመር አደረግንላቸው። እግራቸውንም ጧት ማታ በዘይቱ እናሻቸዋለን። የዱርቤቴ ምእመናን ለገዳሙ ያመጡት ነው፤ እሱ ይስጣቸው።»

ባበጡ ቁጥር ዘይት ጨመሩላቸው፤ ዘይት በጨመሩላቸው ቁጥር አበጡ! በፍቅር ነው የጨመሩላቸው፣ በጸሎት ነው ያሹላቸው። አምሐ ከእናቱ ማዕድ ያነሣውን መርዝ ዱርቤቴ ልኮት፣ የዱርቤቴ ድኻ ከአፉ ቀንሶ ለገዳም ሰጥቶት፣ ተመልሶ ከአምሐ አባት ከንፈር ደረሰ። የብርጓል «አባ፣ ያንን ዘይት ድፉት» አለች።

መሪጌታን ሁለት ዲያቆናት ደግፈው አወረዷቸውና ድንጋዩ ላይ አስቀመጧቸው። እግራቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ነጋሪት አክሏል፤ ቃል ለማውጣት ሁለቴ ይተነፍሳሉ። የብርጓል ውኃው ዳር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የአምሐን ብቻ አይደለም፣ የራሷንም። ወረቀቱን፣ መሳቢያውን፣ አንዷን ሳምንት። እሳቸው ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ሰሙ።

«መቼ አወቅሽ?» አሉ።

«ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ቅኔ ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት፣ በዝግታ። ከዚያ ስለ ራሳቸው አልጠየቁም። «በዱርቤቴ በኩል ይኸን የሚያበስል ስንት ቤት አለ?» አሉ። አታውቅም። አንገቷን ደፋች። አልረገሟትም፤ ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

በዚያው ጀልባ አሻግረው ሐኪም ቤት አስገቧቸው። ልባቸው ግን ውኃ ይዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ኒቆዲሞስ በገባ ማክሰኞ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን አረፉ። ወይዘሮ እናትዓለም እግራቸውን አቅፈው ጮሁ፤ ሰው ጎትቶ ሲያላቅቃቸው ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጎድጉዶ ቀረ። አልሞላም። የብርጓል ያንን ጉድጓድ ቆማ አየችው።

በሣልስቱ ቀን ለቀስተኛው እኩለ ቀን ላይ ተነሥቶ ሲሄድ ቤት ውስጥ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። የብርጓል ከጧት ጀምሮ በሆዷ ያቆየችውን ነገር ያኔ አወጣችው።

«አነሣዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«አነሣሁት» አለ አምሐ። ሦስት ቀን ያልተላጨ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ነበር። «ከባሕር ዳር አላነሣሁትም?»

«ወደ ዱርቤቴ።»

«ምን ላድርገው? ሠላሳ በርሜል ሐይቅ ውስጥ ልድፋ? የት አደረስኸው ሲሉኝ ምን ልበል? የገጠር ምድብ ብዬ ላክሁት። ተበታትኖ ሲበላ ይቀልላል ብዬ...»

«ገበሬ ልብ የለውም? እሱ አያብጥም?»

«ምንድን ነው የምትሉት እናንተ?» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም።

የብርጓል ነገረቻቸው። እናትየው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ልጃቸውን አዩት፤ ልጃቸው አላያቸውም። ከዚያ ተነሥተው በሩን በጀርባቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ያንን ወረቀት ቅደጂው» አሏት። «ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጄንም ቅበሪ ልትይኝ ነው? ዕድላችን ነው፤ ተጽፎብን ነው። ተይው ይለፍ።»

«አላለፈም እማዬ። ዛሬ የዱርቤቴ ገበያ ነው። እዚያም ባሏ ደከመ ብላ ሽሮው ላይ ዘይት የምትጨምር ሴት አለች። ገበያው መሐል ቆሜ በአሲዱ አሳያቸዋለሁ፤ ከየት እንደ መጣም እነግራቸዋለሁ። ወረቀቱን ለአስተዳደሩ እሰጣለሁ። ካላነበበው ለገበሬ ማኅበሩ አነብለታለሁ።»

«ይገድሉታል።»

የብርጓል «አይገድሉትም» ብላ መዋሸት አልፈለገችም።

እናትየው ያን ጊዜ ወደ ወንዱ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አምሐ፣ ዘይቱ አልቋል በለኝ። ዱርቤቴ ላይ አንዲት ጠብታ አልቀረም ብለህ በአባትህ ዐፅም ማልልኝ። ከማልህ እኔ ከዚህ በር አልነሣም፤ እሷም አትወጣም።»

ምን ነበረበት ቢምል? ሕይወቱ በዚያች በአንዲት ቃል ላይ ነበረች፤ በስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ የሌለውን አለ ብሎ አጨብጭቦ ያውቅ የለ? አፉን ከፈተ። ዓይኑ አባቱ ይቀመጡበት ከነበረው መደብ ላይ አረፈ። «እማዬ...» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣለትም።

ወይዘሮ እናትዓለም ከበሩ ላይ ተነሡ። በግድግዳው ተደግፈው ሁለት እርምጃ ሄዱና መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ሂጂ አላሏትም። አትሂጂም አላሏትም።

ዕድል ይሉታል። ዕድል ማበጠሪያ አይሰብርም፤ ዕድል «እንዳለ ጭመቁት» አይልም፤ ዕድል በርሜል ጭኖ ወደ ዱርቤቴ አይነዳም፤ ወረቀትም መሳቢያ ውስጥ አይቆልፍም። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ሰው ካደረገው በኋላ ለዕድል ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም ዕድልን የሚከስ የለም። ድኻ ደግሞ ንፍሮውን ቆርጥሞ አሜን ይላል። እስከ መቼ?

የብርጓል ከምርመራ ክፍሉ ከወረቀቱ ጋር ይዛ የመጣችውን ጠርሙስና አሲድ በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«የብርዬ» አለ አምሐ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «ወንድምሽ ነኝ'ኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አራት ሳምንት ያስተኛኝ ወንድሜነትህ ነው።»

ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።