ሽንኩርት የማይገባበት ቤት

ብርቅታይት ስትናደድ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሌላው ሰው በር ይደበድባል፣ ሳህን ይሰብራል፤ እሷ ቢላዋዋን ታነሣና ሽንኩርቱን ዶግ አመድ ታደርገዋለች። ዐይኗ ቢያነባም ማንም ምክንያቱን አይጠይቃትም።

እግዜር ሲቀልድ ይህችን ልጅ ሽንኩርት በማይገባበት ቤት አስቀጠራት።

ጊዜው የፈረንጆቹ 2020 ጸደይ ነው። ካዚኖዎቹ ተዘግተው ላስ ቬጋስ ጭር ብላለች። ብርቅታይት የምታበስልበት የካዚኖ ቡፌ ሠራተኞቹን በአንድ ኢሜይል አሰናበተ። ኢሜይሉ የሚያበቃው «እንወዳችኋለን» በሚል ቃል ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት እሱ ነው። ታክሲ ነጂው አባቷ አቶ ዓምደሚካኤልም መኪናቸውን አቁመው ቤት ከዋሉ ሰንብተዋል። ሮድስ ራንች ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ያለው የሂንዱ አሽራም ሥራ ላጡ ሰዎች ምሳ ያድላል ሲባል ሰማችና መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። አሽራሙ አማኞቹ አብረው የሚኖሩበት፣ የሚጸልዩበትና የሚያበስሉበት ሰፊ ግቢ ነው። በር ላይ ያለው የመኪና ሰልፍ ብዛቱ ለጉድ ነበር። መሰለፉ ራሱ አናደዳት።

ተራዋ ሲደርስ ነጭ የለበሰ፣ ማስክ ያደረገ ወጣት ሕንዳዊ የምግብ ሣጥን በመስኮቱ አቀበላት። እዚያው ከፈተችና ቀመሰችው።

«በስመ አብ! ይሄን ያበሰለው ሰው አይቀምስም እንዴ?» አለች በአማርኛ፣ ለራሷ።

«አይቀምስም» አላት ሕንዳዊው ጥርት ባለ አማርኛ። «ክልክል ነው።»

ብርቅታይት ሣጥኑን ጭኗ ላይ ልትደፋው ምንም አልቀራት።

ስሙ ራጋቭ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ ባሕር ዳር ያስተምሩ ስለነበር ልጅነቱን ያሳለፈው ጣና ዳር ነው።

«በዚህ ቤት ምግብ መጀመሪያ ለክሪሽና ይቀርባል» አላት። «ከዚያ በፊት አብሳዩም ቢሆን አፉ አያደርሰውም።»

«ታዲያ ለአምላካችሁም ጨው የሌለው ነው የምታቀርቡለት? አታፍሩም?»

ከኋላዋ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ራጋቭ አልተንቀሳቀሰም። ከማስኩ በላይ ዐይኖቹ ሲስቁ አየች።

«እዚያ ፓርክ አድርጊና ነይ» አላት። «አብሳይ አጥተናል።»

ወጥ ቤቱን የሚያዙት የራጋቭ እናት ወይዘሮ ሱሺላ ናቸው። የግቢው ሰው ሁሉ «ማታጂ» ይላቸዋል፤ እናታችን እንደማለት ነው። ቀጭን፣ ቆፍጣና ሴትዮ ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት ባሕር ዳር ገበያ ላይ ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ነው።

«ሽንኩርት የለም። ነጭ ሽንኩርት የለም። መቅመስ የለም» አሏት። «ገባሽ?»

«ገብቶኛል ማታጂ። ወጥ የለም ማለትዎ ነው።»

ሴትዮዋ አልሳቁም። ግን ቀጠሯት።

ራጋቭ የመሠዊያው አገልጋይ ነበር። ንጋት ላይ መጋረጃውን ይገልጣል፤ የክሪሽናን ምስል ያጥባል፣ ያለብሳል፣ አበባ ያደርግለታል። ሲጨርስ ወጥ ቤት ገብቶ ከብርቅታይት ጋር ድንች ይልጣል። አንድ ቀን ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰዓት በበሩ ስንጥቅ አየችው፤ ቆሞ ምስሉን በማራገቢያ ቀስ እያለ ያራግባል። «ድንጋይም ይሞቀዋል እንዴ?» ልትለው ነበር። የእጁን ልስላሴ ስታይ ግን ቃሉን ዋጠችው። «ይሄ እጅ ለእኔ ቢሆን» ብላ አሰበች፤ ባሰበችው ነገር ደግሞ በራሷ ተናደደች። ከታቦት ጋር አይደለ ከጣዖት ጋር አይደለ፣ ከማን ጋር ነው የምትቀናው?

በዚያው ሳምንት ከቤቷ ባመጣችው ሽሮ ጠቅልላ፣ መኪናዋ አጠገብ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። ራጋቭ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ብርቄ፣ አልችልም። አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ከሰው እጅ አይጎርስም።»

ጉርሻ ሲመለስባት የመጀመሪያዋ ነው። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ባሕር ዳር ያደግኸው በከንቱ ነው!»

«ባሕር ዳርማ ጎርሻለሁ» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ጣዕሙን ባላውቀው ኖሮ መች ይከብደኝ ነበር?»

በዚያ ቀን እንደሚወዳት ነገራት። እሷም አልካደችም። እናቱ ግን ከሕንድ ሙሽራ እያፈላለጉለት ነበር። «እነግራታለሁ፤ ጊዜ ስጪኝ» አላት። ነገ አለ፣ ከበዓሉ በኋላ አለ። ብርቅታይት ጥርሷን ነክሳ ዝኩኒውን ከተፈች፤ ዝኩኒ ደግሞ ንዴት አያወጣም።

የክሪሽና የልደት በዓል በነሐሴ መጀመሪያ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ዋለ። ብርቅታይት እየጾመች ድንች በእርድ፣ በቅቤና በእርጎ ትሠራለች። ማስኳ አገጯ ሥር ወርዷል። ትልቁን ድስት አማሰለች፤ እጅ ልማዱን አይረሳምና ከጭልፋው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው።

ጨዉ ልክ ነበር። ቀጥሎ ክው አለች። በአንድ ጠብታ የሁለት ሃይማኖት ሕግ ጣሰች።

ራጋቭ አይቷታል። ማስኳን ወደ ላይ ስትስበው ማታጂ ከበሩ ላይ ቆመዋል፤ የመላሱ ድምፅ ጆሯቸው ገብቷል።

«ማነው የቀመሰው?»

ብርቅታይት አፏን ከመክፈቷ በፊት ራጋቭ የራሱን ማስክ አወረደ። «እኔ ነኝ እማ።»

ማታጂ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። የድስቱ ምግብ ለደጁ ሰልፍ ተሰጠ፤ ለአምላካቸው ወተትና ፍራፍሬ ቀረበ። ራጋቭ ከመሠዊያው ተነሥቶ ድስት አጣቢ ሆነ።

ብርቅታይት ጓሮ አስቁማ ጮኸችበት።

«ማን ዋሽልኝ አለህ?»

«እንዳያባርሩሽ ብዬ ነው።»

«ያላደረግኸውን ‹እኔ ነኝ› ለማለት አፍህ እንዴት ፈጠነ! ያደረግኸውን፣ መውደድህን፣ ለእናትህ ለመናገር ግን ምላስህ ተሳሰረ። ለድስት የደፈርከውን ለእኔ መድፈር አቃተህ?»

ሽርጧን ፈትታ ደረቱ ላይ ወረወረችና ሄደች።

«ተመስገን፣ ከጣዖት ቤት ወጣሽልኝ!» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል።

«አባባ፣ ከዚያ ያመጣሁልዎትን ምሳ ጥርግ አድርገው ሲበሉ ጣዖቱ ትዝ አላለዎትም?»

አቶ ዓምደሚካኤል ቴሌቪዥናቸውን ከፍ አደረጉ።

ቻይናታውን ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሥራ አገኘች። እዚያ ሽንኩርት በጆንያ ነው። ከተፈች፤ ኦቨርታይም ገብታም ከተፈች፤ ንዴቷ ግን አልወጣም። ዕድሜ ልኩን ሲያገለግል ከኖረበት መሠዊያ ተነሥቶ ጥቀርሻ የሚፈትገው በእሷ ጥፋት ነው። እሷ ደግሞ ዋሾ ብላ የሰደበችው፣ እውነቱን ራሷ አፍ አውጥታ ሳትናገር ነው። ይህ ሐሳብ ወራቱን ሙሉ አላስተኛ አላት። የፈረንጆቹ 2021 ጥር ሲገባ ከሺፍቷ ወጥታ በቀጥታ ወደ አሽራሙ ነዳች።

ማታጂ ወጥ ቤት ሩዝ ይለቅማሉ።

«የቀመስኩት እኔ ነኝ!» አለቻቸው ሰላም እንኳ ሳትል። «ከፈለጉ እኔን ይርገሙኝ። እሱን ወደ ቦታው ይመልሱት!»

«አውቃለሁ» አሉ ማታጂ። «ማስክሽ በእርድ ቢጫ ሆኖ ነበር።»

«ታዲያ እያወቁ…»

«የቀመሰ ሰው መቼ ቀጣሁ? እጅ ይሳሳታል። ልጄ ግን በአምላኩ ፊት ዋሸ። ለምን እንደዋሸ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ። ይሄው አምስት ወር ሞላ፤ አፉን ይዞ ድስት ያጥባል!» የያዙትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት፤ ሩዙ ወለሉ ላይ ተበተነ። «አንቺ ብቻ ነሽ የተናደድሽ መሰለሽ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ብርቅታይት ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋን ወደደቻቸው።

ራጋቭ ጓሮ ነበር፤ ከስቷል፤ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ሲያያት የያዘው ድስት ከእጁ አመለጠ።

«እናትህ ሁሉንም ያውቃሉ» አለችው። «እንግዲህ የቀረህ የምትፈራው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ተነሥ!»

ተነሣ። ጫማውን አውልቆ፣ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ፣ የመሠዊያው መጋረጃ ፊት ቆመ፤ እናቱም ተከትለው ገቡ። የተናገረው በአማርኛ ነው፤ ብርቅታይት እንድትሰማው።

«እማ፣ አልቀመስኩም። ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ስለምወዳት ነው። ያልነገርኩሽም ስለፈራሁሽ ነው። ከእሷ ሌላ አላገባም።»

ማታጂ የዐይናቸውን ጥግ በሻሻቸው ጠረጉ።

«ነገ ንጋት ላይ ታጥበህ መጋረጃውን ትከፍታለህ» አሉት። «ዛሬ ግን አገልግሎት የለብህም። ሂድና ብላ። ከማን እጅ እንደምትበላ አልጠይቅም።» ወደ ብርቅታይት ዞሩ። «እሁድ አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ። ሽንኩርት እንደሌለው ንገሪያቸው፤ ኋላ እንዳይቆጡ።»

መኪናዋ ውስጥ ምሳዋ ሳይነካ ነበር። ብርቅታይት ክዳኑን ከፈተች፤ ሽሮው ሽንኩርቱ በዝቶበታል፤ የዚያን ሰሞን የሠራችው ሁሉ እንደዚያ ነበር። ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። አሁንም ፊቷ አልተፈታም።

ራጋቭ አላፈገፈገም። ጎረሰ። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«ሽንኩርቱ ነው?» አለችው።

«አይደለም» አላት። ቆየት ብሎ ዋጠና ፈገግ አለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይሉ አልነበር ባሕር ዳር?»

«ተጣልተናል እኮ!» አለችው፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ሁለተኛውን ጠቀለለች።